ወንድም ከጀርባ ሲቀመጥ

ዓሣ አጥማጁን ሰፈሩ «ቀስ በል» ይለዋል፤ ጀልባ ላይ ከወጣ ይቺ ቃል ከአፉ አትለይም። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ይላል ደግሞ፣ እየሳቀ። እውነቱን ነው! ጀልባ ውሃው እንደነዳው ከነጎደ ምን ዓሣ ይያዛል? ስለዚህ ታናሽ ወንድሙ ከኋላ ተቀምጦ በገመድ የታሰረች ሰንሰለት ወደ ወንዙ ወለል ይለቃል። ሰንሰለቷ ጠጠሩን እየቧጠጠች ጀልባዋን ታዘገማለች፤ ቀስ በል ከፊት ሆኖ መንጠቆውን ይጥላል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲሠሩ አንድ ቀን ዞር ብሎ አይቶት አያውቅም። የእናቱን ልጅ ምን ብሎ ይጠረጥረዋል?

ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ከወንዙ መታጠፊያ በታች ያለው ጉድጓድ፣ ያ የዓሣ ጎተራ፣ ነፈገው።

«ጋሼ፣ እጅህ ከዳህ እኮ። ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል» ይለዋል ታናሽየው፣ ያዘነ መስሎ።

ምስኪን አመነው። ሚስቱን «ከዚህ ሳምንት በኋላ በቃኝ» አላት። የፊት መቀመጫውንም ለወንድሙ ልጅ ባል፣ ሥራ ላጣው አማች፣ ሊለቅ ቃል ገባ።

በመጨረሻው ቀን ቦት ጫማው ውሃ አስገባና አውልቆ በባዶ እግሩ ቆመ። የሰንሰለቷ ንዝረት በጣውላው በኩል ውስጥ እግሩን ይኮረኩረዋል። ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ ንዝረቱ ቀጥ አለ፤ ጀልባዋም ፈጠነች። እስከዛሬ «እዚህ ውሃው ይበረታል» እያለ የሚያልፈው ፍጥነት ነው። ዞረ።

ሰንሰለቷ ወንድሙ ጭን ላይ ነበረች። እንዳትንኳኳ በሹራብ ጠቅልሏታል።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ?»

«ጋሼ… አማቼ ሥራ ፈቶ… ልቀቅለት ብልህ እሺ አትለኝም ብዬ…»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ታናሽየው አቀርቅሮ ሹራቡን ከሰንሰለቷ ላይ ፈታ።

«ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር እኮ! የገዛ እጄን አስረገምከኝ! ስንት ሌሊት ቁጭ ብዬ እጄን እያየሁ እንደረገምኩት ታውቃለህ?»

ደሙ ፈልቷል፤ ወርዶ እንዳይሄድ ግን ወንዝ ነው። ያችን ጀልባ ሽቅብ ለመመለስ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ አንድ አንድ መቅዘፊያ ይዞ፣ ጎን ለጎን። እንደዚያው ትከሻቸው እየተነካካ ቀዘፉ። ታናሽየው እንባውን በክንዱ ይጠርጋል፤ ቀስ በል አላየውም።

ዳር ደርሰው ጀልባዋን ካሰረ በኋላ ነው የተናገረው።

«አማችህን ነገ በጠዋት ላክልኝ። ሰንሰለቷን እሱ ይይዛል፣ ሥራውን አስተምረዋለሁ። አንተ ግን ሁለተኛ ከጀርባዬ አትቀመጥም።»