ቴፑ የበላው መጨረሻ

ለቅሶ መቀበልም ያደክማል። ትናንት ድንኳኑ ፈርሶ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲሄድ፣ እናቴ ባዶውን ግቢ እያየች «በቃ፣ ጸጥ አለ» አለችኝ።

ያረፉት የአባቴ ታላቅ ወንድም ከወሎ መጥተው መቐለ ላይ ያረጁ መምህር ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ጺማቸውን ሲላጩ የሚያንጎራጉሯት ዜማ ነበረቻቸው፤ አብሯቸው ያስተምር የነበረ ፈረንጅ በካሴት የተወላቸው፣ ሞርሞኖች የሚባሉ የአሜሪካ አማኞች መዝሙር። እናቴ ገና ሙሽራ ሳለች ሰምታ ደነገጠች።

«እንታይ ጉድ እዩ! ምን ጉድ ነው! ጋሼ፣ ኦርቶዶክስ ሆነው የማንን መዝሙር ነው የሚዘምሩት?»

«ዜማውን የደረሰው ሰውዬ ከዌልስ ተሰዶ አሜሪካ የገባ ነው። ስደተኛ ከአገሩ ይዞ የሚወጣው ዜማውን ነው። ተይኝ እቱ» አሏት። ተወቻቸው።

አንድ ቀን ቴፑ ካሴቱን በላውና የመዝሙሩ መጨረሻ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ እዚያው ቦታ ሲደርሱ ያቆማሉ፤ ምላጩን በውሃው ሳህን ጠርዝ ኳ ኳ አድርገው «የቀረውን ባለቤቱ ያውቃል» ይላሉ። እኛም ቤት ያለነው ሁሉ የምናውቀው እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው። ዓይደር ሆስፒታል ተኝተው፣ ድምፃቸው ሊዘጋ ሲል እንኳ፣ ያቆሙት እዚያው ላይ ነበር።

ዛሬ ጠዋት መዝሙሩን ስልኬ ላይ ፈልጌ ከፈትኩት። እናቴ ከጓዳ ወጥታ ቆመች። ያ ቦታ ሲደርስ መዘምራኑ ሳያቆሙ ቀጠሉ።

«ዝጊው» አለች። «ይሄ የእሳቸው አይደለም።»

ዘጋሁት። ሁለታችንም ሳናስበው ምላጩ ሳህኑን እስኪመታ ጠበቅን።