ካልሲ የለበሰው ጠርሙስ

የጤና ጣቢያው ዘበኛ በዚያ በማርቆስ ብርድ ካልሲ የሚያደርጉት በአንድ እግራቸው ብቻ ነው። ሌላውን ካልሲ፣ ከአልጋቸው ሥር ያስቀመጡትን ጠርሙስ ፀሐይ እንዳያየው ብለው አልብሰውታል። ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም በአረቄ ዘፍዝፈውበታል። ሰውነት ያጠነክራል ሲባል ሰምተው በየማለዳው አንድ ማንኪያ ይጠጣሉ፤ ከዚያ አፋቸውን በካፖርታቸው ኮሌታ ከልለው በር ላይ ይቆማሉ።

"አባባ፣ ዛሬም በጠዋቱ ቀመሱ?" ትላቸዋለች ነርሷ ሽታው ሲደርሳት።

"ምን ላርግ ልጄ፣ አመል ሆነብኝ" ይላሉ አቀርቅረው።

ለወጉ እንኳ መለኪያ አንስተው አያውቁም። ሚስታቸው መንምና ከሞተች ወዲህ ግን እሳቸውንም ሳል ይዟቸዋል። ስንቱን ሰው እየመሩ ደም ምርመራው ክፍል ያደርሳሉ፤ እሳቸው ከደጁ ይመለሳሉ። በዚያ በር ሲገቡ ከመታየት ሰካራም መባል ይቀላቸዋል።