አጭሩ ሳር

ዛሬም በበቆሎ ማሳ አጠገብ ሳልፍ የደረቀ የሳር ፍሬ ቅጠል ላይ ጠብ ጠብ ሲል ከሰማሁ እጄ ሳላዘው የልጄን እጅ ይፈልጋል።

ከወሎ ድርቅ ሸሽተን ወደ አሶሳ ሰፈራ ስንመጣ ትንሹ ወንድሜ በረሃብ ሞቶብን ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቴ በፈራች ቁጥር የእጄን አንጓ በሁለት ጣቶቿ ትከብበው ነበር፤ ጣቶቿ ከተደራረቡ ከስቻለሁ ማለት ነው።

በመጀመሪያው ክረምት ጓሯችን የዘራነው በቆሎ እንደ ጉድ በቀለ፣ ሳሩም አብሮት። አባቴ ረጃጅሙን እየነቀለ አጫጭሩን ይተው ነበር፤ በወሎ ልማድ ለጋ ሳር ለበሬ ይደግ ተብሎ ይተዋል። እኛ ግን በሬ አልነበረንም፣ ይሰጣችኋል የተባልነውን ተስፋ ይዘን ነበር። የአገሬው ሰው የሆኑት ጎረቤታችን እትዬ ሐሊማ በአጥር በኩል አይተው፣ «ትልቁ ገና ነው። ትንሹ ነው የወለደ፤ እሱን ንቀል» አሉት።

«ስንዝር የማይሞላ ሳር ምን ይወልዳል?» ብሎ ሳቀ አባቴ።

በቆሎው ገና እሸት ሳለ ፍሬው ከአጭሩ ሳር ይረግፍ ጀመር፣ ዛሬ ከአንዱ፣ ሲሰነብት ከሌላው፣ እንዲህ እያለ በጋ ገባ። በዚያው በጋ መንግሥት ለሰፋሪው የሚሰጠው ቀለብ ሊቆም ነው የሚል ወሬ መንደሩን አመሰው።

በሁለተኛው ክረምት ሳሩ ከበቆሎው ቀድሞ ወጣ። አንዱን ስንነቅል ሌላው ይተካል፤ አንዱ ከወገቤ በላይ ተመዝዞ ፍሬ የለውም፣ አንዱ መሬት ላይ ተለጥፎ ፍሬውን አዝሏል፣ ጸጉሩም እጃችንን እየወጋ ያሳክከን ነበር። እናቴ ከማሳው መሀል ቀና ብላ፣ «እዚያ ሳር አጥተን መጣን፣ እዚህ ደግሞ ሳር ሊበላን ነው!» ብላ ጮኸችና አንጓዬን ያዘች። አባቴ አንገቱን ደፋ። እኔ ወንድሜን አስቤ ተራው የኔ ነው ብዬ ፈራሁ፣ ብቻዬን ስሆንም አንጓዬን በራሴ ጣቶች እለካ ነበር።

አባቴ ዳግመኛ የበሬ ነገር አላነሳም፤ ተንበርክኮ አጭር አጭሩን አስቀድሞ ሲነቅል ይውል ነበር፣ ግን ዘግይቷል። ቀለቡ ቆሞ፣ ያገኘናት በቆሎም ጥቂት ነበረች፣ እናቴም «በልቻለሁ» እያለች ድርሻዋን ወደኔ ትገፋ ነበር። በጋው ላይ ወባ ሲይዛት የምትቋቋምበት አቅም አልነበራትም። የሚቀጥለውን እሸት ሳታይ ሞተች።

አሁን አሶሳ ከተማ ነው የምኖረው፣ ጓሮዬም ጥቂት በቆሎ አለ። የሳሩ ፍሬ ሲረግፍ የልጄን አንጓ እይዛለሁ፤ ጣቶቼ አይገናኙም። «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» ብላ ትስቃለች። ያኔ የእናቴን አንጓ ማናችንም አልለካነውም።