በጥቁር ልብስ ማር መቁረጥ

አባቴ በሞተ በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን እናቴ ማር ቁረጪልኝ አለችኝ። ለማግስቱ፣ ለአርባው፣ ለካህናቱ ብርዝ ልትበጠብጥ ፈልጋ ነው። ከሱቅ እንግዛ ብላት ደስ እንደማይላት አውቃለሁ። ንቦቹ የአባቴ ናቸው፤ ኅዳርም ገብቷል፣ የአደይ አበባው ማር ደርሷል። እሺ አልኳት። ያን ሰሞን ለሁሉም ነገር እሺ እል ነበር።

ቤታችን ገርጂ ነው። ግቢው ጠባብ ሲሆን በአንድ በኩል ኮንዶሚኒየም፣ በሌላ በኩል ዓመት ሙሉ የማያልቅ ፎቅ ይጋርደዋል። አባቴ ጡረታ ሲወጣ ጓሮው ጥግ ላይ ሁለት ዘመናዊ ቀፎ አስቀመጠና አጥሩን ተከትሎ የጥብስ ቅጠል፣ በሶብላና ሱፍ ተከለ። እናቴ ጎመን ብትተክልም አበባው ለንብ ጥሩ ነው እያለ ሳያስቆርጣት ያስረጀዋል። ውሃቸውን በሰፊ ሳህን ያቀርብላቸዋል፣ እንዳይሰምጡ ጠጠር ይጨምርበታል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ጭሱን እይዝለታለሁ፣ እሱ ያዛል። መግቢያቸው ፊት አትቁሚ። ማር የሚሠሩበት ፍሬም ላይ አትተንፍሺ። ሽቶ የተቀባሽ ቀን እንዳትጠጊኝ። ትእዛዙ አያልቅም ነበር፣ እኔም ግማሹን አልሰማውም ነበር።

በእነዚያ ሠላሳ ዘጠኝ ቀናት አላለቀስኩም። አውቄ አይደለም። ቀብሩ ላይ ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ፣ እኔ የድንኳኑ አንዱ ገመድ መላላቱን እያየሁ ነበር። ሳምንት ቆይቼ ኦሎምፒያ ወዳለው ቢሮዬ ተመለስኩ። ሥራዬን ሠራሁ፣ ምሳዬን በላሁ፣ ማታ ማታ መገናኛ ላይ ታክሲ ተሰለፍኩ። ውስጤ ጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ የወጋው ድድ ሆኖ ነበር፤ ብነካካውም አያመኝም። ራሴን እስክጠላ ድረስ ምንም አልተሰማኝም።

ሰው ደግሞ ያያል። ለቅሶ በተቀመጥን በሦስተኛው ቀን አንዲት ጎረቤታችን፣ በእድሩ የሚፈሩ ሴትዮ፣ ከኋላዬ "የዛሬ ልጅ ልቡ ድንጋይ ነው፤ አንዲት ዘለላ እንባ እንኳ!" ሲሉ ሰማሁ። እናቴም ሰማች። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወዲያ ለቀስተኛ በገባ ቁጥር ውሃ አምጪ፣ ሻይ አምጪ እያለች ወደ ጓዳ ትልከኝ ጀመር። ልትደብቀኝ መሆኑ ገብቶኛል፤ ደግ አደረገች።

ማሩን ልቆርጥ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ። የአባቴ ነጭ ቱታ ቦታው ላይ አልነበረም። እናቴ ልብሶቹን ሰብስባ ለቤተ ክርስቲያን ደጅ ነዳያን ስትሰጥ እሱም አብሮ ሄዷል። የተረፉት መረብ ያለው ባርኔጣውና ጓንቱ ብቻ ናቸው። እነሱን አደረግሁ። ከሥር ከቀብሩ ቀን ጀምሮ የምለብሰው ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ሹራብ ነበር።

ንብ ጥቁር አይወድም። ጥቁር ሲያዩ ማራቸውን ሊዘርፍ የመጣ አውሬ ይመስላቸዋል ይል ነበር አባቴ፤ ይህን ያስተማረኝ ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። አውቀዋለሁ። ግን ሐዘንተኛ ነኝ፤ ሌላ ልብስ እንዳለኝ ራሱ ትዝ አላለኝም።

ኩበቱን አጭሼ ክዳኑን ከፈትኩ። ማሩ በነጭ ሰም ታሽጎ፣ ልክ በደረሰበት ሰዓት ነበር። አንዱን ፍሬም አውጥቼ ንቦቹን በላባ ጠረግሁና ባልዲ ውስጥ ከተትኩ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛውን ሳነሳ ድምፃቸው ተለወጠ። መጀመሪያ ሹራቤ ላይ ሰፈሩ፣ ከዚያ አንገቴ ላይ፣ ከዚያ በመረቡ ሥር ገቡ። ግንባሬን፣ ቅንድቤን፣ የዓይኔን ቆብ ነደፉኝ። አልሮጥኩም። ፍሬሙን አስቀምጬ፣ ቀፎውን ከድኜ፣ ባልዲውን ይዤ ቀስ ብዬ መጣሁ። አመመኝ። ማመሙ ደስ አለኝ ብል ሰው ያሾፍብኛል፣ ግን ደስ አለኝ።

"አንቺ! በዚህ ልብስ?" አለች እናቴ ባልዲውን እየተቀበለች። ወጥ ቤት በር ላይ አስቀምጣኝ መንደፊያዎቹን በጥፍሯ እየፋቀች አወጣችልኝ። "አባትሽ ቢያይሽ ይስቅብሽ ነበር።" ሁለታችንም አልሳቅንም።

በማግስቱ ሁለቱም ዓይኖቼ አብጠው የተከፈቱት በጭንቅ ነው። ከቅዳሴ መልስ ሰዉ ቤቱን ሲሞላ ጎረቤታችን አዩኝና ነጠላቸውን ለቀው አቀፉኝ። "ወጣልሽ ልጄ? እሰይ፣ አልቅሺለት፣ አባትሽ ነው!" አሉ። ንብ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ።

"ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ ነው ያደረችው፤ ማባበል አቅቶኝ ነበር" አለች እናቴ የብርዙን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች።

እናቴ ውሸት አትችልም። ሰው ሲፈልገኝ የለችም በይልኝ ብላት፣ "የለችም በይልኝ ብላለች" የምትል ሴት ናት። አሁን ግን ዓይኗ እንኳ አልተርገበገበም። አርባ ቀን ሙሉ ምን እንደተሸከመችልኝ ያን ጊዜ ገባኝና አፈርኩ። አንገቴን ደፋሁ፤ እሱንም ለቅሶ መሰላቸው።

ሰዉ ከሄደ በኋላ ብርጭቆ እያጠብን፣ "አላለቀስሽለትም አይደል?" አለችኝ።

"አልመጣልኝም እማዬ።"

አንዱን ብርጭቆ ደጋግማ አለቀለቀችው።

"እኔም ሰው ሲኖር ነው የሚመጣልኝ" አለች። "ሰዉ ሲወጣ፣ ምንም።"

አርባው ወጥቷል። ከነገ ጀምሮ የሚመጣ ሰው የለም።