እስከ ዳ

ባለቤቴ ወሬኛ ነበር። እያማሁት አይደለም፤ ድሬዳዋ ውስጥ ወሬኛ መባል ስድብ ሆኖ አያውቅም። ምሳ ተበልቶ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ጥላ ሲይዝ፣ እሱ በረንዳችን ላይ ፍራሹን አስነጥፎ ጫቱን ይዞ ይሰየማል። ከዚያ በኋላ ማን ያስቆመዋል! በአማርኛ ይጀምራል፣ በኦሮምኛ ያሽሟጥጣል፣ ባቡር መሥሪያ ቤት ባወረሰው ስብርባሪ ፈረንሳይኛ ይዘጋል። ጓደኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ እኔ ከውስጥ፣ «አቦ፣ እስቲ ምላስህን አሳርፈው!» እላለሁ። «ምላሴ ከሚያርፍ እኔው ልረፍ» ይለኛል።

ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። እሱ አላረፈም፤ ምላሱ አረፈ።

አንድ ቀን ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። እኔ ጉደኛዋ ደግሞ «ምነው፣ እንደ ሕፃን ላልብስህ?» ብዬ ሳቅሁበት። መልስ ሲያጣ ነው የደነገጥኩት። መልስ አጥቶ አያውቅማ! ሆስፒታል ስናደርሰው ቀኝ ጎኑ ዝሎ፣ አፉ ወደ አንድ ወገን ሄዶ ነበር። ስትሮክ ነው አሉኝ። ሊያስወጡት ሲሉ ሐኪሙ፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ ነው፣ «እናቴ፣ ንግግሩ ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል። ማለማመድ ነው፤ ከዚያ የሆነውን መቀበል ነው» አለኝ። እኔ የመጀመሪያዋን ብቻ ይዤ ወጣሁ። መቀበል የሚለውን የሰማው ይስማው።

ጠያቂ አልጠፋም፤ ድሬ በዚህ አትታማም። ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት እየተፈራረቀ ገባ። ሁሉም ግን አንድ ነገር ይዞ ነው የሚመጣው። «ተመስገን በይ፣ ከነነፍሱ ነው» ይላሉ የኛዎቹ። «አልሐምዱሊላህ በይ» ይላሉ እነዚያ። ውስጤ እርር ይላል። ፈጣሪን ማማረሬ አይደለም፤ ግን እኔ ይህን ሰው ያገባሁት ከነነፍሱ ብቻ አይደለም፣ ከነምላሱ ነው። አንዷማ «ዝምታውን እንደ እረፍት ቁጠሪው» አለችኝ። የሷ ባል ጤነኛ ነው፤ እንደ ልቧ ትናገር እንጂ!

እንግዳው ሲወጣ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የቬንትሌተሩ ድምፅ ብቻ ነበር። በኛ ቤት ቬንትሌተር ድምፅ እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር።

ልጃችን ያለችው አዲስ አበባ ነው። ልምምዱን በስልክ ትልክልኛለች፤ እኔ አስተማሪ ሆንኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ታይፕ ስመታ ኖሬ በጡረታዬ አንደኛ ክፍል አስተማርኩ። ማንኪያ አነሳለሁ። «ይሄ ምንድን ነው? ማን፣ ኪያ። በል።» ዝም። ብርጭቆ አነሳለሁ። ዝም። አፌን አሞጥሙጬ እንደ ዓሣ ስከፍት ስዘጋ አንድ ጊዜ ጎረቤት አይታኝ ሳቋን መያዝ አቅቷት ተመልሳ ሄደች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ተከትዬው በዚያ በኩል እዞራለሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ ሲለኝ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፤ ደንቆሮ የሆነ ይመስል።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ከዚያችው ማንኪያ ጋር ግብግብ ላይ ሳለን፣ አፉ ተንቀሳቀሰ። «እስከ ዳ» አለ።

ጮህኩ። እልልታዬን አቀለጥኩት። «ምን አልክ? ድገመው፣ በእመቤታችን ድገመው!» አልኩት። ደገመው፤ «እስከ ዳ።» ዓይኔን እያየ ነው ያለው። ቃሏ ግን ወገቧ ላይ ተቆርጣለች። መጨረሻዋን ፍለጋ ገባሁ። «እስከ ዳር? እስከ ዳገቱ? እስከ ዳቦ ቤት? ኧረ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ?» በያንዳንዱ ራሱን ይነቀንቃል። እንደ ገና «እስከ ዳ» ይላል፣ በደንብ ረገጥ አድርጎ። በኋላ ብልጭ አለልኝ። ዳቻቱ!

ሰዉ ደቻቱ ነው የሚለው፤ እሱ ግን ድሮም ዳቻቱ ነበር የሚለው። ከተማችንን ለሁለት የሚከፍለው አሸዋማ ወንዝ ነው። ዝናብ ካልመጣ ውሃ የለውም፤ ከመጣ ደግሞ አያድርስ ነው። ባለቤቴ የተወለደው ከወንዙ ማዶ፣ ከሶማሌ እናት ነው። እናቱ ገና ልጅ ሳለ ሞተችበትና አባቱ፣ የባቡር ሰው ነበር፣ ወደዚህ ማዶ አምጥቶ በአማርኛ አሳደገው። «ሶማልኛህስ የት ገባ?» ስለው፣ «አሸዋውን ሲያሻግሩኝ ከኪሴ ወድቃ ቀረች» ይለኝ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ሰውዬው የተወለደበትን ሰፈር ማየት አምሮታል፤ እስከ ዳቻቱ ውሰጂኝ ነው የሚለኝ። ለልጄ ደውዬ አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ በረድ ስትል ጫማውን አደርግለታለሁ። ያበጠ እግር ጫማ ውስጥ ማስገባት ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። ጎንበስ ብዬ ስታገል ከላዬ «እስከ ዳ» ይላል። «አይዞህ፣ እንሄዳለን» እለዋለሁ። በባጃጅ ድልድዩ ዘንድ እንወርድና፣ በግራ ክንዱ ደግፌ፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ፣ እናዘግማለን። ላቡ ሸሚዙን ያጣብቀዋል። የኔ ጉልበትም ከሱ አይሻልም። «እስከ ዳ» ይላል መንገድ ላይ። «ደረስን እኮ፣ ይሄው!» እለዋለሁ። አንድ ቀን ድልድዩ ላይ አቁሜ አሸዋውን ሳሳየው እንባው ዱብ ዱብ አለ። ናፍቆት ነው ብዬ እኔም አብሬ አለቀስኩ። መንገደኛው «ምን ሆኖ ነው?» ሲል፣ «ሰፈሩ ትዝ ብሎት ነው» አልኩ። እሱ አፉን ሲከፍት መልሱን ቀድሜ የምሰጠው እኔ ነበርኩ።

ደክሞኝ ነበር። ማታ ስተኛ ክንዴ የራሴ አይመስለኝም። ግን ቃሏ ትጨመራለች፣ ነገ «ቻቱ»ን ያመጣታል፣ ከነገ ወዲያ ማንኪያን፣ ከዚያ የድሮው ባሌ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ያሽሟጥጠኛል እያልኩ እነሳለሁ። ምኞት እንደ ሰው አይደክመውም፤ ሰውዬውን ነው የሚያደክመው።

ታላቅ እህቱ ከጅግጅጋ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። የእናቱ ልጅ ናት፤ በእናታቸው ዘመዶች ዘንድ ስላደገች አማርኛዋ እንደ ነገሩ ነው፣ እኔንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትለው። እሷም ታማ ስለነበር ነው የዘገየችው። የግመል ወተት በጀሪካን ይዛ ገባች፣ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ የዛለውን እጁን ይዛ ጣቶቹን አንድ በአንድ ታሻሽ ጀመር። እኔ ግን መታገሥ መች አውቅበትና! ሥራዬን ላሳያት ቸኮልኩ።

«መናገር ጀምሯል እኮ! ቃል አለችው። ስሚ እንግዲህ» አልኩና ማንኪያውን አነሳሁ።

እሱ ወደ እህቱ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ትንፋሽ ወሰደ። «እስከ ዳ» አለ።

«ሰማሽ? እስከ ዳቻቱ ማለቱ ነው! በየቀኑ ነው የምወስደው፣ አንድ ቀን እንኳ አላጓደልኩም።»

እህቱ አልሳቀችም። «በየቀኑ?» አለችኝ።

«በየቀኑ!»

«ወላል» አለችኝ ቀስ ብላ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «እስከ አይደለም። ዳቻቱ አይደለም። ይሄ ሶማልኛ ነው። ኢስካ ዳ። ተወው፣ በቃ ተወው ነው የሚልህ።»

ማንኪያው በእጄ ላይ ነበር። የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

ተወልጄ ያረጀሁት እዚሁ ከተማ ነው። ይህን ቃል ቀፊራ ገበያ ውስጥ ስንቴ ሰምቼዋለሁ! ዋጋ ስከራከር ሴትዮዋ እጇን ወዘወዝ አድርጋ «ኢስካ ዳ» ትለኛለች፣ ትቼ እሄዳለሁ። ከባሌ አፍ ግን የጠበቅሁት አማርኛ ብቻ ነው። ሌላ ቋንቋ ይወጣል ብዬ በምን ልጠርጥር? ድሬ ሶማልኛ የሚሰማ ሰው አጥታ አልነበረም፤ መልሱን ቀድሜ የምሰጠው እኔ ሆኜ እንጂ። ከኪሴ ወደቀች ያላት ሶማልኛ እሷ ብቻ ቀርታለት፣ በቀረችው አንዲት ቃል ተይኝ እያለ ሲለምነኝ፣ እኔ ጫማ አደርግለት ነበር።

መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጣ ነው። እውነቱን ልናገር፣ በሱ ነው የተናደድኩት። «ለኔ ስትል ታገል እንጂ! እኔ ስጎትትህ የኖርኩት ለማን ብዬ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። ቀጥሎ እንባዬ መጣ። እህቱ በሶማልኛ አናገረችው። እሱም መለሰላት! እየተንተባተበ፣ ግማሹን እየዋጠ፣ ግን መለሰላት። የልጅነት ቃላት ይሆናሉ፤ እናት፣ ውሃ፣ ሙቀት የሚባሉት ዓይነት። አንድ ጊዜማ አሳቃት። ማሳቁ አለ ማለት ነው፤ እኔ በማልገባበት ቤት ውስጥ ተቀምጦ አለ። ቀናሁ። በገዛ እህቱ፣ በእርጅና ዕድሜዬ፣ ቀናሁ።

«ጠይቂልኝ» አልኳት አፍንጫዬን ጠርጌ። «ምኑን ነው የምተወው? እግሩን ነው? አማርኛውን ነው? ወይስ እኔ ራሴ ነኝ የሰለቸሁት?»

ጠየቀችልኝ። ደህናውን እጁን አንስቶ ፍራሹን መታ መታ አደረገና «ኢላ ፈዲሶ» አለ።

«ከኔ ጋር ተቀመጥ ይልሃል» አለች እህቱ።

ከታመመ ጀምሮ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አላውቅም። ሳጥብ፣ ሳበላ፣ ሳስጠና፣ ስጎትት፣ ሁልጊዜ ፊት ለፊቱ ቆሜ ነበር። ተቀመጥኩ። እህቱ ወተቱን ልትቀዳ ወደ ጓዳ ገባች።

እሷ ወደ አገሯ ከተመለሰች ሰነባብታለች። ድልድዩን ትተነዋል፤ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ይዞ ራሱ ሲፈልግ ይራመዳል። ልጄ በስልክ «እማዬ፣ አንቺ ሶማልኛ ተማሪ» ትለኛለች። ከጎረቤት ሁለት ሦስት ቃል ለቅሜአለሁ፤ በዚህ ዕድሜ ጭንቅላት ውስጥ አልቀመጥ ብሎ ይወጣል። ቁርጤን አውቄያለሁ ብዬ ልጨርስ በወደድኩ ነበር። አላወቅሁም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ፤ እኔ አንዳንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ላፍስ እሞክራለሁ። ማንኪያውን ላስጠናው አነሳና፣ ዓይኑ ደክሞ ሳየው፣ ሾርባውን አበላበታለሁ። ተመስገን በይ የሚሉኝን ዛሬም አልወዳቸውም።

ባለፈው ሰሞን ከምሳ በኋላ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት፣ ጎን ለጎን በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን ነበር። ድንገት ወደኔ ዞሮ በሶማልኛ ተናገረ። ረጅም ነው፤ ከታመመ ጀምሮ እንዲህ ረጅም ተናግሮኝ አያውቅም። ከውስጡ አንድም የማውቀው ቃል የለም። የምጠይቀው ሰው ፍለጋ መንገዱን አየሁ፤ በሩ ሁሉ ዝግ ነው። ለእህቱ ልደውል ስልኬን ላነሳ አሰብኩና ተውኩት። እሱ ፊቴን እያየ መልሴን ይጠብቃል።

«እሺ» አልኩት።