እናቴ በዳባት ደጆች

ባለፈው ክረምት ስለ እምነትና ሥነ ጽሑፍ እንድናገር ተጠርቼ ደባርቅ ሄጄ ነበር። ከአዳራሹ ስወጣ ዝናብ ያዘኝና አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። ከአጠገቤ ለሽያጭ የተሰቀለ የበግ ቆዳ ዝናብ መትቶት ኖሮ፣ ያ የረጠበ ሱፍ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካኝ ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ሁሉ ከልቤ ጠፉ፤ መልሼ ልጅ ሆንኩ፤ ደበሎ ለብሼ ዳባት ጭቃ ላይ ቆምኩ።

አባቴ ደባርቅ የሚቀድስ ቄስ ነበር። ቤታችን እህል የማይታጣበት ቢሆንም፣ «ልጅ ከእናቱ ጓዳ ሳይርቅ ትምህርት አይዘልቀውም» ብሎ ዳባት ካሉ የኔታ ዘንድ ወሰደኝ። ዜማውም ግእዙም አልከበደኝም፤ የከበደኝ ልመናው ነበር። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ ነው የሚበላው። እኔ ግን የተማሪን መምጫ ሰዓት ከካህናቱ አብልጠው የሚያውቁትን የዳባት ውሾች እንደምንም አልፌ ከሰው ደጅ ስደርስ፣ ፊቴ ይግላል፤ ሳልጣራ ባዶ አኮፋዳዬን ይዤ እመለሳለሁ። ጓደኞቼ ለምነው ካመጡት ያጎርሱኛል፤ እሱም ሌላ እፍረት ነበር።

መክሳቴን አንድ ነጋዴ ጎረቤታችን አይቶ ለእናቴ ነገራት። ሳትውል ሳታድር በሶና ዳቦ ቆሎ ይዛ ከጭነት መኪና ወረደች። የኔታ ተነሥተው ተቀበሏትና፣ «ስንቁን ለሁሉም ያካፍሉት፤ እርሱ ግን ዛሬም ይወጣል» አሏት።

«እሺ፣ የኔታ» አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች።

ስወጣ ተከተለችኝ። የመጀመሪያው ደጅ ላይ እንደ ልማዴ ተገትሬ ቀረሁ።

«በእመቤታችን ስም ነው የምታፍረው?» አለችኝ በቀስታ።

ከዚያ ያቺ በደባርቅ ለተማሪ ሁሉ እጇ የማይታጠፍ የቄስ ሚስት፣ ከማታውቀው ሰው አጥር ሥር ቆማ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም!» ብላ ተጣራች።

በሩን የከፈተችው ሴትዮ የእናቴን ንጹሕ ቀሚስ አይታ ግራ ገባት። «ምነው እናቴ፣ ምን ደረሰብዎ?»

«ምንም አልደረሰብኝ፤ ልጄ ተማሪ ነው። ድምፁን እስኪያገኝ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናቴ ግን አንዱ ደጅ አልበቃትም፤ ከአጥር አጥር እየዞረች ስትጣራ ድምፅዋ እየጎረነነ ሄደ። አንድ ደጅ ላይ እንደገና አፏን ስትከፍት መስማቱን አልቻልኩም፤ ቀድሜያት ጮህኩ። የታነቀች ዶሮ የመሰለ ድምፅ ነበር የወጣኝ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ዓይኖቿ ግን እንባ አቅርረው ነበር።

«ለአባትህ እንዳትነግር» አለችኝና ወደ ደባርቅ የሚመለስ መኪና ፍለጋ ሄደች። አልነገርኩትም። እኔና እሷም ያን ቀን ዳግመኛ አንሥተነው አናውቅም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ትሕትና ብዙ ጽፌአለሁ። አንባቢዎቼ ብዕሬን ትሑት ሲሉት አንገቴን እደፋለሁ፤ እሷ ከሰው አጥር ሥር ቆማ የከፈለችውን እኔ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ቃላት አሳምርበታለሁና። እናቴ ካረፈች ቆየች። አጥሩን፣ ጭቃውን፣ የሴትዮዋን ግራ መጋባት ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። በዚያን ቀን የተጣራችበትን ድምፅዋን ግን ልሰማው ስንት ጊዜ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።