በቀትር የወጡ ጫጩቶች

የዶሮ እርባታው ሠራተኞች አባ ጫጩት ይሏቸው ነበር። ስሙን ያወጣላቸው የበር ጠባቂው ነው፤ መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር፣ ኋላ ግን አለቆቹም ሳይቀሩ በዚሁ ይጠሯቸው ጀመር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከጫጩት ክፍሉ አልወጡም። ትዳርም አልያዙም። ለምን ሲባሉ፣ በየሁለት ወሩ ስምንት መቶ ልጅ የሚረከብ ሰው ሚስቱ ምን ትለዋለች እያሉ ያስቁ ነበር።

ቀልዱ ቀልድ ነው እንጂ በእጃቸው ያደገ ልጅ ነበራቸው፤ የታናሽ እህታቸው ልጅ። አባቱ ጥሎት ሲጠፋ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር። ደብተሩንም፣ ጫማውንም፣ ትምህርት ቤቱንም የቻሉት እሳቸው ናቸው። ሲመረቅም ቢሮ ለቢሮ ደጅ ጠንተው እርባታው ውስጥ አስገቡት። ልጁ ትጉ ነበር፤ በአምስተኛው ዓመት የክፍሉ ኃላፊ ሆነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሥራ ቦታ «አጎቴ» ማለቱን ትቶ «እርስዎ» ይላቸው ጀመር። ሌላው ሰው ቢሆን ተከበርኩ ብሎ ደስ ይለው ይሆናል። እሳቸውን ግን ውስጥ ውስጡን ይቆረቁራቸው ነበር።

ነገሩ የሆነው ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ወር ነው። አምስት ሳምንት የሞላቸው ጫጩቶች ወደ ውጭው የታጠረ መዋያ መዛወር ነበረባቸው። አባ ጫጩት ለዚህ ሥራ የራሳቸው ደንብ አላቸው። የሚያሞቃቸውን አምፖል በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከፍ እያደረጉ ይቆዩና ያጠፉታል። ከዚያ ገና ጎህ ሲቀድ ለአንድ ሰዓት ብቻ አውጥተው ይመልሷቸዋል፤ በማግስቱ ሁለት ሰዓት፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ። ጥላ ሳይዘረጋ፣ ውሃ ሦስት አራት ቦታ ሳይቀመጥ አንድም ጫጩት ደጅ አያይም። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ደግሞ ሣጥን አይነሳም። ጫጩት አያልበውም፣ ሲሞቀው የሚያውቀው አፉን መክፈት ብቻ ነው ይላሉ።

ያን ሰሞን ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች እንደሚመጡ ተሰማ። ኃላፊው ጠዋት መጣና ጫጩቶቹ ዛሬውኑ ይውጡ፣ እንግዶቹ ስምንት ሰዓት ላይ ሲደርሱ አዲሱ መዋያ ባዶውን መታየት የለበትም አለ። የጥላው መረብ ገና ከመጋዘን አልወጣም፤ የውሃው ቧንቧም አልተቀጠለም። አባ ጫጩት ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አስረዱት። ሦስት ቀን ብቻ ስጠኝ ብለው ለመኑት።

«እርስዎ በልምድ ነው የሚያወሩት» አለ፣ በእጁ የያዘውን ወረቀት እያየ። «እኔ ደግሞ ትእዛዝ አለብኝ። የሚሞት ካለ በኔ ይሁን።»

እምቢ ማለት ይችሉ ነበር፤ ቁልፉ ያለው እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ለራሳቸው ይቅር ማለት ያቃታቸው ይህንን ነው። ግን በሠራተኛ ፊት የገዛ ልጃቸውን ማሳፈር ከበዳቸውና ከፈቱ።

ሣጥኖቹ እስኪሞሉ፣ ጋሪው እስኪመላለስ አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። መሬቱ በጫማ ውስጥ እንኳ ያቃጥላል። ጫጩቶቹ እንደተለቀቁ ጭጭ አሉ፤ ከዚያ ክንፋቸውን ከጎናቸው አርቀው፣ አፋቸውን ከፍተው ማለክለክ ጀመሩ። ከግድግዳው ሥር ስንዝር የምታህል ጥላ ነበረች። ስምንት መቶውም ወደዚያች ሮጡ፤ አንዱ ባንዱ ላይ ወጣ። አባ ጫጩት ተንበርክከው ከላይ ያሉትን እያነሱ ሲያርቁ፣ የራቁት ተመልሰው ይከመራሉ። ጃኬታቸውን አውልቀው ዘረጉ። በባልዲ ውሃ አመላለሱ። እንግዶቹ ሲመጡ ከሦስት መቶ በላይ ሞቶ ነበር፤ ብዙዎቹ ከፀሐዩ ይልቅ የወንድሞቻቸው ክብደት አፍኗቸው። ኃላፊው እንግዶቹን በሌላ በኩል ወደ እንቁላል መጋዘኑ ወሰዳቸው።

በሦስተኛው ቀን አጣሪ ተላከ። የዚያን ዕለት ከሥራ ሲመለሱ እህታቸውን ደጃፋቸው ላይ ቆማ አገኟት። ወንበር ሰጧት፤ አልተቀመጠችም። እሱ ነው የላከሽ ሲሏት አልላከኝም አለች፤ ዓይኗን ግን ከመሬት አላነሳችም።

«ጋሼ፣ እሱ ገና ጎጆ መውጣቱ ነው» አለች። «አንተ ጡረታህ ደርሷል። ልጅ የለህ፣ ምን የለህ፤ ሥራውን የሙጥኝ የምትለው ለማን ብለህ ነው?»

ለማን ሲሉ እንደኖሩ ከሷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ፣ ጫጩቶቹን ያለ ኃላፊው ፈቃድ ያወጣሁት እኔ ነኝ ብለው ፈረሙ። እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው ማዶ ያቀበላቸው እሱ ራሱ ነው። ዛሬ እንኳን አጎቴ ይለኛል ብለው ቀና አሉ።

«እዚህም ጋ ይፈርሙ» አላቸው።

ለጡረታቸው ስምንት ወር ሲቀር ተሰናበቱ። ሠራተኛው ሁሉ እውነቱን ያውቃል፤ ግን እያንዳንዱ የልጆቹን አፍ አሰበና ዝም አለ። በኋላ የተቀጠሩት ደግሞ የሚያውቁት ሌላ ነው፤ ዕድሜ ተጫጭኖት ሦስት መቶ ጫጩት የፈጀ አንድ ሽማግሌ ነበር ይባላል።

እህታቸው እሁድ እሁድ ትጠይቃቸዋለች። ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ኑሮው ያወራሉ። ልጇ መጥቶ አያውቅም፤ ሥራ በዝቶበት ነው ትላለች። ባለፈው እሁድ ግን ፊቷ በርቶ ገባች። የልጅ ልጅ አይታለች።

«ወንድ ነው» አለች። «ስሙን ባንተ ልናወጣው አስበናል።»



«ተዉት» አሉ አባ ጫጩት። «ሕፃኑ ምን አጠፋ?»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ስትነሳ እንደ ወትሮው እስከ መንገዱ አልሸኟትም፤ ከተቀመጡበት ሆነው ደህና ግቢ አሏት።